ትንፋሽ የምታስተምረዋ ዶክተር

ቀጮዬ እህቴ፣ እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ የዛሬውን ግን ሳልነግርሽ ባድር ይቆጨኛል። እዚህ ሆስፒታል፣ ከማዋለጃው ጎን ባለች ክፍል፣ የጎማ አሻንጉሊት ይዤ ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን እንዴት እንደሚረዳ አዋላጆችን አሠለጥናለሁ። ክፍሏ አንቺ እንዳለሽበት ሆስፒታላችን ክፍሎች ጠባብ፣ መስኮቷም እንደዚያዎቹ አልዘጋ ባይ ናት። ትምህርቱ መሀል «ልጁ አላለቀሰም!» የሚል ጩኸት ሰማን። ተነሥቼ ልሮጥ ስል፣ ጠዋት የአየር ጭምብሉን አሻንጉሊቱ ፊት ላይ ማስተካከል አቅቷት የነበረች አንዲት አዋላጅ ቀደመችኝ። ሕፃኑን አደራረቀችው፤ ጭምብሉን ፊቱ ላይ አስተካክላ የአየር መስጫውን ከረጢት ትጨምቅ ጀመር። እኔ አጠገቧ ቆሜ «ጎሽ፣ ቀጥዪ!» ከማለት በቀር ምንም አላደረግኩም። ኋላ አለቀሰልን! እናቱም እኛም አብረነው አለቀስን።

«ዶክተርዬ፣» አለችኝ አዋላጇ ፊቷን እየጠረገች፣ «አንቺ ነገ ትሄጃለሽ፤ እኔ ግን እዚሁ ነኝ፤ አይዞሽ።»

ስፔሻላይዝ አላደርግም፣ በየሆስፒታሉ እየዞርኩ አዋላጆችን አሠለጥናለሁ ስል ዘመድ አዝማዱ «ያ ሁሉ ትምህርት ውኃ በላው» ብሎ ከንፈሩን ሲመጥ፣ «ልብሽ ወደወደደው ሂጂ» ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። እግዜር ይስጥልኝ።

ቦታ አልቆብኝ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ እየጻፍኩ ነው። የእማማን ጉልበት፣ የመንትዮች ልጆችሽን ጉንጭ ሳሚልኝ። አንቺም በተረኝነት ብዛት ምግብ እንዳትረሺ፤ ከዚህ በላይ ከቀጠንሽ ስመጣ አላውቅሽም!