ቁልፍ ሠሪው፣ የመዋኛ ገንዳው ዳኛና የሁለት ዋናተኞች አባት፦ የጋሽ ለምን የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ወንድማችን፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ለምን እያለ የሚጠራቸው ቁልፍ ሠሪ፣ ከአናጺ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ፣ ይህን ጽሑፍ ለምታነብላችሁ እኅታቸው ደግሞ ታላቅ ነበሩ። ስም በወጉ ወጥቶላቸው ነበር። ሆኖም አፋቸውን ከፈቱ ጀምሮ «ለምን?» ማለት ስላልቦዘኑ ቅጽል ስሙ ዋናውን ስም ዋጠው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው ትምህርት ቤት ገብተው በርትተው ተማሩ። ስድስተኛ ክፍል ሳሉ የክፍሉ በር ቁልፍ ሆዱ ምን እንደሚመስል ለማየት ፈትተው መልሰው መግጠም ስላቃታቸው፣ መምህሩም ተማሪውም እስከ እኩለ ቀን ደጅ ቆመው ዋሉ። በሩን ሊከፍት የተጠራው ቁልፍ ሠሪ እያንዳንዷ ብረት የት እንደነበረች ሲያስረዱት ጊዜ ቁጣውን ረሳና፣ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ወደ ሱቁ ብቅ እንዲሉ ነገራቸው። እሳቸውም አልረሱም፤ ሙያውን ከእሱ ተምረው የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ።

ባለቤታቸው ከሱቃቸው አጠገብ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ የተዋወቁትም እዚያው ነው። ጋሽ ለምን ስለ ስፌት መኪናዋ ጥያቄ ከማብዛታቸው የተነሣ ባለቤታቸው «ሰውዬው የከጀሉት እኔን ነው መኪናዋን?» ብለው ግራ ገብቷቸው እንደነበር እስከ ዛሬ ይናገራሉ። ተጋብተው ወንድና ሴት ልጅ ወለዱ። ሴቷ ስትወለድ ትንሽ ስለነበረች ጠብታ አሏት፤ ቁመቷ ከወንድሟ ከበለጠም በኋላ ስሙ አልተለወጠም።

ልጆቹ ከዋና ጋር የተዋወቁት አባታቸው የመዋኛውን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሣጥኖች ቁልፍ ሊጠግኑ ሲሄዱ ይዘዋቸው በመሄዳቸው ነው። ሥራው አለቀ፤ ልጆቹ ግን ከውኃው አንወጣም አሉ። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ሕይወት ገንዳውን ተከትሎ ሆነ። ጋሽ ለምን ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ዳቦ ጠቅልለው፣ ልጆቹን ቀስቅሰው፣ እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ በእጃቸው ይዘው ይወጣሉ። እርጥብ ፎጣ በቁልፍ መቅረጫው ማሽን ላይ ይሰጣ ስለነበር ደንበኞች የተቀረጸላቸው ቁልፍ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል ብለው ይስቁባቸው ነበር።

ራሳቸው ዋና አይችሉም፤ ውኃም ከጉልበታቸው አልፎ አያውቅም። ለዚህ ነው መሰል ነገሩ ሁሉ የሚደንቃቸው። ለምን በዚህ በኩል ብቻ ይተነፍሳል? ለምን ሲታጠፍ ይገለበጣል? አሠልጣኙ መልስ ሲያልቅበት «ጋሼ፣ ወይ ዳኝነት ይሠልጥኑ ወይ እኔን ይተዉኝ» አላቸው። ክለቡ ዳኛ የሚያገኘው ከወላጆች ስለነበር ሠልጥነው የመታጠፊያ ዳኛ ሆኑ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በተመደቡበት መስመር ጫፍ ይቆማሉ፤ ዋናተኛው ሲታጠፍ ግድግዳውን በደንቡ ካልነካ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ያ ልጅ ከውድድሩ ይሰረዛል። ወላጅ በልጁ መስመር ላይ አይመደብም ነበር።

ታላቁ ልጃቸው ጥቂት ሜዳሊያ ሰብስቦ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ዋናውን ተወ። ጠብታ ግን በቢራቢሮ ዋና የሚደርስባት ጠፋ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት፣ አሸናፊዋን ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ማሠልጠኛ አስገብቶ እዚያው እየኖረች እንድትሠለጥን የሚያደርግ ውድድር ደረሰ። በዚያ ጠዋት ጋሽ ለምን እንደ ልማዳቸው ሁሉን ሲነካኩ በዳር ያለው መስመር የመዝለያ መድረክ ብሎኑ ላልቶ አገኙትና ለዋናው ዳኛ ተናገሩ። ዋናው ዳኛም ዋናተኞቹን ሁሉ አንድ አንድ መስመር አሸጋሸገ። ዳኞቹን ማሸጋሸግ ግን ማንም ትዝ አላለው፤ ፊሽካው ሲነፋ ጠብታ የአባቷ መስመር ላይ ነበረች።

በቢራቢሮ ዋና ግድግዳው በሁለት እጅ እኩል መነካት አለበት። ጠብታ እየመራች መጥታ በመጀመሪያው መታጠፊያ በአንድ እጅ ነካች። ሌላ ያየ አልነበረም። ጋሽ ለምን እጃቸውን አነሡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ገሚሱ ወላጅ «ሰው በገዛ ልጁ እንዲህ ይጨክናል?» አለ፤ ገሚሱ ሰላምታ ነፈጋቸው። ጠብታ ወደ ገንዳው አልተመለሰችም። ከአባቷ ጋርም «ደህና ዋልክ»፣ «እሺ» ከማለት ያለፈ ጨዋታ ሳይኖራቸው ፋርማሲስት ሆና ሌላ ከተማ ሥራ ያዘች። ወንድማችን የልጃቸውን መንገድ በገዛ እጃቸው እንደዘጉ አምነው ኖሩ። ነጩን ሸሚዝ ዳግመኛ አልለበሱም።

ጥያቄው ግን አልተዋቸውም። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የምታውቀውን ደንብ ያን ቀን ለምን ሳተችው? አሠልጣኙ «ድካም ነው» ቢላቸው «በመጀመሪያው መታጠፊያ ምን ድካም አለ?» ብለው መለሱለት። የዋና መነጽሯን በባልዲ ውኃ ነክረው ያፈስ እንደሆነ አዩ፤ አያፈስም። ያገኙትን ሁሉ ሲጠይቁ የኖሩ ሰው እሷን ብቻ መጠየቅ ፈሩ።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ሲጠናባቸው ጠብታ ፈቃድ ወስዳ መጥታ መድኃኒታቸውን በእጇ ትሰጣቸው ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ክኒኑን ከዋጡ በኋላ፣ «ያን ቀን አይተሽኝ ነበር?» አሏት።

«አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«አንተ ስለሆንክ ነዋ። ሌላ ዳኛ ቢሆን ያልፈኝ ይሆናል፤ አንተ እንደማታልፈኝ አውቅ ነበር። መሄድ አልፈለግሁም አባዬ። ዋና ሰልችቶኝ ነበር።»

«ሰለቸኝ ማለት አይቀልም ነበር?»

«አንተ በየማለዳው ከእኔ ቀድመህ እየተነሣህ፣ እንዴት ብዬ?»

ወንድማችን ይህን ሲሰሙ በሳቅ ፈረሱ፤ ባለቤታቸው ምን ሆኑ ብለው ከጓዳ እየሮጡ መጡ። ሳቃቸው ሲያባራ «ከዚያ ወዲያስ ለምን ዘጋሽኝ?» አሉ። ጠብታ አፍራ እንደነበር፣ ዓመቱ በገፋ ቁጥርም መናገሩ እየከበዳት እንደሄደ ነገረቻቸው። እሳቸው ቂም ነው ያሉት ኀፍረት ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱ ወሬ አላልቅ ብሎ ጎረቤቱ እስኪገረም ድረስ፣ ልጅ ስለ ክኒኖቹ ስታስረዳ አባት ሲጠይቁ ይውሉ ነበር። በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።

ጋሽ ለምን ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ ማለዳ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና እኅታቸው ከሐዘን ጋር ቀርተዋል።

ስለዚያ ውድድር ያለው ሁሉ እንዲጻፍ፣ በእናንተ በክለቡ ወላጆችና ዳኞች ፊትም እንዲነበብ የጠየቀችው ጠብታ ናት። አባቷ ያለ ጥፋታቸው ብዙ ዓመት ጥፋተኛ ሆነው ኖረዋልና፣ አፈር ሳይለብሱ በፊት ነጻ ይውጡልኝ ብላለች። እኛም ቃሏን ፈጽመናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን።