ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ መዝለሌ

እትዬ ሶምሲሪ፣ የኦሳካው ብርድ እንዴት ይዞሻል? ልጆቹስ በረቱ? እኛ ራዮንግ ያለነው ደኅና ነን፤ ዝናቡም አባርቷል።

በስድሳ ሁለት ዓመቴ እንደገና በፓራሹት ዘለልኩ ብልሽ ትስቂብኛለሽ። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ፍርሃቱ ያው የድሮው ይሆን ወይ ብዬ ነው። ያው ነው፤ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዘለልኩ በኋላ ግን ደመናው ፊቴን ሲያርሰው እንደ ልጅ ሳቅሁ።

ፓራሹቱን ልከፍት ቀኝ እጄን ወደ እጀታው ሰደድኩ፤ ጣቶቼ ግን አልታዘዝ አሉኝ። አብራኝ የዘለለችው አሰልጣኝ ፕሎይ ደርሳ ሳበችልኝ።

መሬት ስንደርስ «እማማ፣ ምን ነካዎት? ረሱት እንዴ?» አለችኝ።

«ባሕሩን ሳይ ነው» አልኳት።

«ባሕሩ የትም አይሄድ፤ በሚቀጥለው እጀታውን ይዩልኝ» ብላ ሳቀች። ለወሩ መጨረሻ እሁድ ቀጥራኛለች፤ እሺም እምቢም አላልኳት።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ሸሚዞቼን ቁልፍ በሌላቸው ለውጫለሁ፤ ለሙቀቱም ይሻላሉ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ እናታችን ስፌት ያቆመች ሰሞን መጀመሪያ ያስቸገራት የቱ እጇ ነበር? እንዲሁ ማወቅ ፈልጌ ነው። ከዚያ እሁድ በፊት ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ።

ታናሽሽ ማሊዋን