ሎሚና የአመድ ውሃ

ጎባ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለእኅተማርያም፤

ጤናሽ እንደ ቶጎና ወንዝ ውሃ የጠራ ይሁንልኝ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ከአዲስ አበባ የላክሽልኝ የሊትመስ ወረቀት ተማሪዎቼን ጉድ አሰኛቸው። ሰማያዊውን ሎሚ ውስጥ ብነክረው «ቀላ!» ብለው ጮኹ። «አሲድ እንዲህ ያደርጋል» አልኳቸው። ቀዩን ደግሞ የአመድ ውሃ ውስጥ ነክሬ እስኪለወጥ ጠበቅሁ። ደጀኔ የሚባለው ተማሪዬ «ጋሼ፣ ሰማያዊ ከሆነ ቆየ እኮ!» አለኝ። «ቤዝ ነዋ!» ብዬ አለፍኩ። ንጹሕ ውሃ ግን ሁለቱንም አልለወጠም፤ እንደ እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከማንም አይጣላም።

ዘንድሮ ቀለሙን ለልጆቹ ትቼ፣ ሎሚውን በመዓዛው፣ የአመዱን ውሃ በጣት ሲዳሰስ በሙልጭልጭታው ነው የማስተምረው። ጽሕፈቴ ከመስመር ቢወጣ ብዕሩን ውቀሺ፤ ትምህርትሽን አቋርጠሽ እንዳትመጪ።

ፎቶግራፍሽም ደርሶኛል። ጎረቤታችን የሺሃረግ ነጭ የነርስ ልብስ ለብሰሽ እየሳቅሽ መሆኑን ነገረችኝ፤ ደስ ብሎኝ ከደረት ኪሴ አላወጣሁትም።

ለገና ስትመጪ ግን፣ አደራ፣ ዝም ብለሽ በር ላይ አትቁሚ፤ ገና ከአጥሩ «አባዬ» በይኝ።

ናፋቂሽ አባትሽ፣
ደምመላሽ