አራት ቁጥር አይባዛም

የበረራ ማሰልጠኛችን፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ኃላፊ የነበሩት፣ ሁላችንም «እትዬ ቁጥር» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ማረፋቸውን ለሠራተኞች፣ ለሠልጣኞችና ለቀድሞ የበረራ ተመራቂዎች በታላቅ ሐዘን ያስታውቃል። ይህን ወረቀት ሁለት ጊዜ ጽፈን ሁለት ጊዜ ቀድደነዋል። ደክሞናል፤ ቢሆንም በሦስተኛው እውነቱን እንጽፋለን።

በእንዲህ ያለ መግለጫ የሟች ማዕረግ ይዘረዘራል። እትዬ ቁጥር ማዕረግ አልነበራቸውም። አውሮፕላን ላይ ወጥተውም አያውቁም፤ ሲጋበዙ «እኔ ከወንበር ስነሳም ያዞረኛል፣ ተዉኝ» ይሉ ነበር። ይሁን እንጂ በእኛ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ከአውሮፕላን እንዳይጋጭ ከእሳቸው በላይ የደከመ ሰው የለንም።

ሥራ የጀመሩት ከመማሪያ ክፍሎቹ ኮሪደር መጨረሻ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ጃኬትና ቦርሳ እየተቀበሉ የእንጨት ቁጥር በመስጠት ነበር። ለሚቸኩለው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ቁጥርህን አሳየኝ።»

በአገልግሎታቸው በአምስተኛው ዓመት ሁለት የልምምድ አውሮፕላኖች ከሐይቁ በላይ ለጥቂት ሳይጋጩ ተላለፉ። ቦታው ከመቆጣጠሪያ ማማው እይታ ውጭ ነው። መመሪያችንም ያኔ «አብራሪው ዙሪያውን ይመልከት» ከማለት አያልፍም ነበር። ለግጭት የሚመጣ አውሮፕላን ደግሞ በመስታወቱ ላይ እንዳረፈች ዝንብ አንድ ቦታ ረግቶ ይታያል፤ ገዝፎ ሲታይ ጊዜው አልፏል። ሁለቱ አሰልጣኞች ጃኬታቸውን ሊወስዱ መጥተው «ቀጠናው የእኔ ነበር፣ የእኔ ነበር» ሲባባሉ እትዬ ቁጥር በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ «እኔ ለሁለት ካፖርት አንድ ቁጥር ሰጥቼ አላውቅም። እናንተ ለሁለት አውሮፕላን አንድ ሰማይ ትሰጣላችሁ?» አሏቸው። አጠገባቸው የነበሩት ዋና አሰልጣኝ ሳቁ፤ ከዚያም ወደ ቢሯቸው ገቡ።

በዚያው ወር የልምምድ ሰማያችን ለተከፈለባቸው ስድስት ቀጠናዎች ስድስት የእንጨት ቁጥሮች ተቀረጹ። የቀጠናውን ቁጥር በኪሱ ያልያዘ አይገባም፤ የተመለሰም መጀመሪያ ቁጥሩን ለእሳቸው ያስረክባል። ሬዲዮ ይበላሻል፣ ሠልጣኝ ይሳሳታል፣ አሰልጣኝም ይረሳል፤ አንድ እንጨት ግን ሁለት ኪስ ውስጥ አይገኝም። ደንቡ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

በአሥራ አንደኛው ዓመት አንድ አሰልጣኝ የሁለት ቁጥር ቀጠናን እንጨት በኪሱ እንደያዘ እህቱን ሊድር ሄደ። ቀጠናው ሦስት ቀን ተዘጋ። ተተኪ ቁጥር ይሠራ ተብለው ሲጠየቁ እትዬ ቁጥር «የጠፋ ይፈለጋል እንጂ አይባዛም» ብለው እንቢ አሉ። የሙሽራዋ ወንድም ተመልሶ ቁጥሩን ሲያስረክብ የሰማውን ስድብ እዚህ አንጽፈውም።

በአሥራ አራተኛው ዓመት ይህ ጽሕፈት ቤት እሳቸውን ሳያማክር የስድስቱንም ቁጥሮች ግልባጭ አስቀርጾ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠ። ለክፉ ቀን ብለን ነበር። ክፉውን ቀን ያመጣው ራሱ ግልባጩ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሠልጣኝ በበዛበት አንድ ጠዋት፣ ዋናው አራት ቁጥር አየር ላይ ሳለ ግልባጩ ከመሳቢያው ወጣ። ሁለት አውሮፕላኖች በአራት ቁጥር ቀጠና ተጋጩ። አንዱን ብቻውን ያበር የነበረው ሠልጣኝ ክንፉ እንደተቀደደ አሳረፈው። በሌላው የነበሩት አሰልጣኝና ሠልጣኝ አልተመለሱም። ያኔ ባወጣነው የሐዘን መግለጫ ስለ ግልባጩ አንዲት ቃል አልነበረችም። ሆድ ይፍጀው ብለን አለፍን። የሁለቱ ሟቾች ቤተሰቦች ይህን ከእኛ አፍ የሚሰሙት ዛሬ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

እትዬ ቁጥር ግን ያን ዕለት አውቀዋል። ግልባጮቹን ሰብስበው በምድጃ አቃጠሉ። በሕይወት የተመለሰው ሠልጣኝ ያስረከባቸውን ዋናውን አራት ቁጥር ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የቁጥሮቹ መስቀያ ሰሌዳ ላይ ሰቅለውት አያውቁም፤ ሥራ ሲያበቃ በጋዋናቸው ኪስ ከተው ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። መጠየቅ አፈርን።

ባለፈው ወር አንድ ማለዳ፣ መስኮቱን ሳይከፍቱ ሕመሙ በርትቶባቸው ከነጋዋናቸው ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። አራት ቁጥር እስካሁን አልተገኘም። ቀጠናው ከተዘጋ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የመመረቂያ የበረራ ሰዓታቸው የተጓተተባቸው ሠልጣኞች አዲስ ቁጥር እንዲቀረጽ በፊርማ ጠይቀዋል። ችግራቸው ይገባናል፤ ተራቸውም በቀሩት አምስት ቀጠናዎች ይዳረሳል። ጥያቄውን ግን አልተቀበልንም።

ብቸኛ ልጃቸው የጋዋኑን ኪስ፣ የሆስፒታሉን መሳቢያ፣ የእናቷን አልጋ ሥር ሳይቀር ፈትሻ እንዳጣችው ቀብሩ ላይ ነግራናለች። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል «አስቸገርኳችሁ» ማለቷ አንጀታችንን በልቶታል። እህታችን ሆይ፣ ያስቸገርነው እኛ ነን። ለአንቺ፣ እናትሽ በጉያቸው አቅፈው ላሳደጓቸው ሁለት ልጆችሽ፣ በዚያች መስኮት ጃኬቱን ላስቀመጠ ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን። እንጨቱ አንድ ቀን ከተገኘ በተመቸሽ ጊዜ አምጪው፤ ካልተገኘም አትጨነቂ።

ሌላ አናስቀርጽም። እንጨቱ እስኪገኝ ድረስ በአራት ቁጥር ቀጠና የሚበር አውሮፕላን የለም።

የማሰልጠኛው ጽሕፈት ቤት