ሕፃኗን ጉድፌ ብለው ገዟት

ሐሙስ፣ ኅዳር 3፣ ጠዋት

ጠባች። አገሳች። ተኛች። ጨርቆቿን አጥቤ አሰጣሁ። ፀሐይ አለ፤ እስከ ምሳ ይደርቃሉ።

እስካሁን ስም የላትም። «ሕፃኗ» ነው የምንላት። ባለቤቴ ደረጀ ማታ ማታ ማን እንበላት ይላል። ቆይ እላለሁ። ለቤዛና ለናሆም ገና ሳይወለዱ ነበር ስም ያወጣሁት። ናሆም ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሄደብኝ። ቤዛ መዳህ ጀምራ ነበር፤ የሳንባ ምች ወሰዳት። እኔ ነርሷ እናቷ እያየሁ። ከዚያ ወዲህ ስም ማውጣት ያስፈራኛል። የዚችንም ፊት ትክ ብዬ አላይም። ላንቺ ካልሆነ ለማን እነግራለሁ፣ ማስታወሻዬ?

አማቴ ሊያርሱኝ ከዳባት መጥተዋል። ዛሬ ቀስ ብለው አንድ ነገር አመጡ። ልጅ የማይበረክትላት እናት ልጇን ትሸጣለች አሉ፤ ልጆቿ ሁሉ ላደጉላት ሴት። ስም የምታወጣው ገዢዋ ናት። ስሙም ማንም የማይመኘው መሆን አለበት። ተቆጣሁ። ጤ/ጣቢያ ተራ ለሚጠብቁ እናቶች «ዓይን በላው ማለቱን ተዉ፣ ልጁን ይዛችሁ ቶሎ ኑ» እያልኩ በየሳምንቱ የምለፈልፈው እኔ! እሳቸው ቤዛ ትተኛበት የነበረውን አልጋ ዞር ብለው አዩና ወጡ።

እሑድ፣ ኅዳር 6

ሸጥናት።

እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። አማቴ በመስኮት አወጧት፤ በበር ከወጣች አይሆንም። ግቢውን ጠርገው በር ላይ ከከመሩት ጥራጊ አጠገብ በሰፌድ አስቀመጧት። እኔ መጋረጃ ጀርባ። የማስበው ምን መሰለሽ? ከጤ/ጣቢያው ሰው እንዳያልፍ! ልጄ ደጅ ተጥላ።

እትዬ ዘሃራ መጡ። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቅዳሜ ገበያ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ሰባት ወልደው ሰባቱም አሉላቸው፤ የተመረጡት ለዚህ ነው። ረመዳን ነው፣ ጾመኛ ናቸው፣ ከንፈራቸው ደርቋል። የማን ጉድፍ ነው መንገድ የዘጋብኝ ብለው ጮኹ። አማቴ፣ ጉድፍ ነው፣ ከፈለጉ ይውሰዱት አሉ። ጉድፍም ዋጋ አለው እንዴ! ተከራከሩ። መንገደኛ ቆሞ ሳቀ። በመጨረሻ በአንድ ጣሳ ዳጉሳ ተስማሙ። አንስተው አቀፏት። «ከዛሬ ጀምሮ የኔ ናት። ጉድፌ ብያታለሁ!» አሉ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። ከዚያ አምጥተው ሰጡኝ። ጡት አጥቢልኝ አሉ።

ዋጋው መበላት አለበት። አማቴ ዳጉሳውን አስፈጭተው ገንፎ አገነፉት። ይህን እንኳ አልበላም ብዬ ነበር። ሙልጭ አድርጌ በላሁት። አፈርኩ። ስበላም አፈርኩ፣ ስጨርስም አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15

ዒድ ነው። እ/ዘሃራ ለልጅ ልጆቻቸው ካሰፉት ጨርቅ ለጉድፌም ቀሚስ አሰፍተው አመጡ። በጣም ሰፊ ነው። ትደርስበታለች አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል ይጣራሉ። «ጉድፌ! አለሽልኝ?» እኔ መስኮት እዘጋለሁ። ሰው ይሰማል ብዬ።

አማቴን ስለ ስሙ ጠየቅኳቸው። በልጅነታቸው በወገራ ጉድፌ የሌለባት መንደር አልነበረችም አሉ። ልጅ የሞተባት ሁሉ ታወጣው ነበር። ሞት ጌታ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ጉድፍ አያነሳም። የራሳቸው አክስት ጉድፌ ነበሩ፤ አርጅተው፣ ከብት አርብተው፣ ባል አንቀጥቅጠው ነው የሞቱት። ሳቅኩ። ዛሬስ ለምን ጠፋ አልኳቸው። ልጅ መሞቱን ሲተው ስሙም ተተወ፣ ልጁ ሁሉ ኤልዳና ምናምን ሆነ አሉ።

ይህን ሳስብ ዋልኩ። ስሙን ያጠፋነው እኛ ነና፤ ክትባቱ፣ መርፌው። ለአፍታ ኮራሁ። ቤዛ ትዝ አለችኝ፣ ኩራቱ ጠፋ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 12፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ልጻፈው።

ለክትባት ሄድን። አማቴ አገራቸው ገብተዋል፤ እ/ዘሃራ ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ መጡ። የገዛኋትን ልጅ እኔ ልዘላት ብለው አዝለው ወሰዷት። የወጋቻት ጓደኛዬ ሲ/ር ሂሩት ናት፤ የክርስትና እናቷም የምትሆነው እሷ ናት። ካርዱን ይዛ ስሟ ማነው አለች። ሌሎቹም ነርሶች ከበቡን። ሶልያና አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። ሂሩት ሲያምር አለች። ጻፈች።

ይኼ አይበቃም። ሂሩት በዓይኗ ወደ እ/ዘሃራ አመልክታ ማናቸው አለችኝ። ልጅ ያዥ ናት አልኩ። ናት! ናቸው እንኳ አላልኩም። አጠገቤ ቆመው።

አቀርቅረው የአንቀልባውን ጠፍር አጠበቁ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገሩት፤ የተወጋችበት ካበጠ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊላት። እኔን፣ ነርሷን! በራቸው ላይ አውርደው ሰጡኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 15

ዛሬም ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ የለም።

ሕፃኗ አተኮሳት። የክትባት ትኩሳት ነው፣ ይበርዳል፤ ለሰው ሁሉ የምለው ነው። እኔ ግን ምን ብዬ አሰብኩ? ሽያጩ ፈረሰ። እ/ዘሃራ ተዋት። ሞት ሰማ። ጫማ ሳላደርግ እስከ አጥሩ ሮጥኩ፤ እዚያ ስደርስ ደግሞ አፌን መክፈት አቃተኝ፣ ተመለስኩ።

ስለዚህ አምናለሁ ማለት ነው። የተማርኩት ሁሉ አንድ ትኩሳት አልቻለም። በማመኔ አፍራለሁ፤ አላምንም ብዬ ሰው በማዋረዴ የበለጠ አፍራለሁ። ማታ በረደላት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ለደረጀ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ሂጂና ለሳቸው ንገሪያቸው፣ ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ አለኝ። አልሄድኩም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔን ብቅልም አያናግረኝ።

ዛሬ ሳጠባት አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ብቻችንን ስንሆን በምንም ስም ጠርቻት አላውቅም። ሶልያናም ብዬ፣ ጉድፌም ብዬ። እሰይ፣ ነይ፣ በቃ እላታለሁ እንጂ። ትሞትብኛለች ብዬ ነዋ! ስትሄድ ስም ይዛብኝ እንዳትሄድ። እኔ ፊቷን ለማየት ስፈራ፣ የሰው ሴት መንገድ ላይ ቆማ የኔ ናት አለች። ጾም ውላ። ሰው እየሳቀባት።

አለቀስኩ። እሷ ጡቴን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። የደረጀ ግንባር ነው ያላት። እስካሁን አላየሁትም ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 7

ጤ/ጣቢያ ሄጄ ለሂሩት ነገርኳት። ስሟ ጉድፌ ነው አልኳት። ሳቀች፤ ቀልድ መሰላት። ያን ቀን ልጅ ያዥ ያልኩሽ የገዟት እመቤት ናቸው፣ ዋሸሁሽ አልኳት። ሳቋን አቆመች። በዚህ ዘመን፣ አንቺ ደግሞ! አለች። ጎረቤት ክፍል ያሉት ሰምተዋል፤ እስከ ነገ ከተማው ይሰማል። ካርዱን ሰርዛ ጻፈች። ጆሮዬ ነደደ። ግን ቆምኩ፤ አልሮጥኩም።

ቅዳሜ፣ ጥር 8፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ጉድፌን አዝዬ ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። ሱቃቸው በገበያተኛ ጢም ብሏል። ሰው እስኪቀንስ ልቆይ አልኩ። ኋላ ግን ያዋረድኳቸው ሰው ፊት ነው፣ የምክሰውም ሰው ፊት ነው ብዬ ገባሁ። «እትዬ፣ ባለቤቷ አንቱ ነዎት። ልጅ ያዧ እኔ ነኝ» አልኩ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። እሳቸው የጀመሩትን ጨርቅ ለክተው፣ ቆርጠው፣ አጥፈው ለገዢዋ ሰጡ። ሂሳብ ተቀበሉ። እኔ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሜያለሁ።

ከዚያ መጥተው ከጀርባዬ አወረዷት። ከብዳለች አሉ። ጉንጯን ሳሙ፣ አሸተቷት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ወዲያው ጠረጉት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ክርስትና ናት፣ ይፍቀዱልኝ አልኳቸው። ሳቁ። «ምነው፣ እኔ ስሙን ገዛሁ እንዴ? ልጅቷ እንድታድግ ነው። ሶልያናም ሸጋ ስም ነው። እንደወደድሽ ጥሪያት፣ አልቀየምሽም» አሉ።

ያን ጊዜ እሺ ማለት እችል ነበር። የክትባቱ ዕለት ብለውኝ ቢሆን እግራቸው ላይ ወድቄ እሺ እል ነበር። አይሆንም አልኳቸው። የክርስትና ስሟን ካህኑ ይሰጧታል፤ ቤት ግን ጉድፌ፣ ቀበሌም ጉድፌ፣ ት/ቤትም ጉድፌ። ከቤ/ክ ስንወጣ በር ላይ ቆመው እንዲቀበሉኝም ለመንኳቸው። ሂሩትም ትየው፣ ሰፈሩም ይየው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺታ ነው።

አሁን ቤት ነኝ። ተኝታለች። ወስኛለሁ፣ ግን ሐፍረቱ አልለቀቀኝም፤ ዞሮ ወደ እሷ ሄደ እንጂ። ይስቁባታል፣ አውቃለሁ። አስተማሪ ስሟን ሲጠራ አንገቷን ትደፋለች። አንድ ቀን ቦርሳዋን ወርውራ ምን ብለሽ እንዲህ ያለ ስም አሸከምሽኝ ብላ ትጮኽብኛለች። ትጠላኛለች።

ትደግልኝና ትጥላኝ።