በሽንኩርት ማሳ ላይ በታኮ ጫማ ላስኬዱን ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ደረጄ
የመስኖ ጉብኝት እንግዳ አቀባበል ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሸዋሮቢት

የተከበሩ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በእግር ጤንነት፣ እንዲያገኝዎት ከልቤ እመኛለሁ። ቤተሰብዎም፣ ኮሚቴዎም፣ በሄዱበት ሁሉ የማይለይዎት ካሜራም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ክር አስገባና ሳልሰፋ ከስፌት መኪናዬ እነሣለሁ፣ እስከ ሱቁ በር ሄጄ አስፋልቱን አየዋለሁ፣ ተመልሼ እቀመጥና እንደገና እነሣለሁ። ይህንንም የምጽፍልዎት ግማሹን ቆሜ ስለሆነ ፊደሌ ቢወላገድ ንቀት እንዳይመስልዎት።

ምናልባት ካላስታወሱኝ ጣይባ እባላለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ የምሰፋው። ኮሚቴዎ ለጉብኝቱ እንግዳ ተቀባይ ሴቶችን ሲመርጥ፣ ልብሳቸውን እንድሰፋና ራሴም ለብሼ አብሬያቸው እንድቆም ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። ለዚህ ክብር ሳላመሰግንዎት መቆየቴ ነውር ነውና ዛሬ በአደባባይ አመሰግናለሁ፤ እግረ መንገዴንም፣ በስብሰባ ላይ ነገር በተራ ቁጥር ሲቀርብ ደስ እንደሚልዎት ስላየሁ፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ውበት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ልብሱን ስሰፋ ያሰብኩት የቆላችንን ፀሐይ ነበር። ስስ ጥጥ መረጥኩ፤ ወገቡ ላይ ሰብሰብ ብሎ ከታች ዘርጋ የሚል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያርፍ፣ እጅጌው ክንድ የሚሸፍን ነገር ግን ንፋስ የሚያስገባ፤ ሂጃብ ለምናደርገውም ከእኛ ጋር ተመርጠው ሂጃብ ለማያደርጉት ለእነቤዛዊትም እኩል የሚያምር። ቀለሙን የደረሰ ማሽላ ቀለም አደረግኩት። ከሥሩም ቡናማ የቆዳ ፍላት ጫማ መረጥኩለት፤ ምክንያቱም ረጅም ቀሚስ ከዝቅተኛ ጫማ ጋር ሲሄድ መስመሩ አይሰበርም፣ ለባሿም እንደ ልቧ ትራመዳለች። አንዲት ሴት ሽክ ማለቷ የሚታወቀው ስትራመድ ነው እንጂ ግድግዳ ተደግፋ ስትቆም አይደለም ብዬ የማምን ኋላ ቀር ሰው ነበርኩ።

ለብሰን ስንመጣ ከላይ ጀምረው አዩን፤ እግራችን ጋ ሲደርሱ ፊትዎ ጠቆረ። «ልብሱ ጥሩ ነው። ጫማው ግን ገበሬ ያስመስላችኋል» አሉን። ከመካከላችን ዓሊያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ እንግዶቹ የሚመጡት ገበሬ ሊያዩ አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችዎት። እርስዎም፣ «ገበሬውን ይጎበኛሉ፤ እናንተን ደግሞ ያደንቃሉ» ብለው መለሱላት። አባቷ ቀወት ውስጥ ሽንኩርትና ማሾ አምርተው ያሳደጓት ልጅ ፊት ቆሞ እንዲህ ብሎ ለመናገር ምን ያህል ትምህርት እንደሚጠይቅ ሳስበው እስካሁን እደነቃለሁ።

፪. ጫማውን ራስዎ ስላስመጡልን አመሰግናለሁ። ጥቁር፣ አፍንጫው ሹል፣ ታኮው እንደ ሚስማር የቀጠነ ነበር፤ ሁሉም ደግሞ አንድ ቁጥር። ኮሚቴው ሁላችንንም በእኩል ዓይን እንደሚያይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። ቤዛዊት ሰፍቷት ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቀጠቀችበት። እኔ ተረከዜ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ዓሊያ እግሯ ረዘም ስለሚል ጣቶቿን አጥፋ ገባችበትና፣ «ጠበበኝ» ብትልዎት፣ «ይለምዳል» አሏት። የሚለምደው ጫማው ይሁን እግሯ ግን አላብራሩልንም።

፫. ትዕግሥት ስላስተማሩንም እንዲሁ። በዚያ ቀን ደብረ ሲና ላይ ጉም ወርዶ እንግዶቹ መንገድ ላይ ዘገዩ። እነሱ በላይ በብርድ ሲንቀጠቀጡ እኛ በታች አስፋልቱ እስኪለሰልስ ድረስ ቆምን፤ ታኮው እየሰመጠ አንዱን እግር ስንነቅል ሌላው ይያዛል። ቤዛዊት አንድ አፍታ ልቀመጥ ብትል፣ «የተጨማደደ ቀሚስ ለካሜራ አይሆንም» ተባለች። እርስዎ ድንኳኑ ውስጥ ከጠረጴዛው ሥር ጫማዎን አውልቀው ካልሲዎን ሲያናፍሱ አይተን፣ ሰብሳቢም እግር እንዳለው በማወቃችን ተጽናናን።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ደረሱ። የቡድኑ መሪ ዶክተር ማህሌት ከመኪና ሲወርዱ ልብስ ሰፊ ነኝና ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም፤ ግራጫ ሱፍ፣ ልኩን የጠበቀ ትከሻ፣ አንገታቸው ላይ ቢጫ ሻርፕ፣ እግራቸው ላይ ምንም ታኮ የሌለው ለስላሳ ጫማ። እርስዎ እጃቸውን ጨብጠው፣ «እንዴት ያለ ሽክ ያለ አለባበስ ነው» አሏቸው። ሁላችንም በአንድ ላይ ወደ ጫማቸው አየን። እሳቸው ደግሞ ወደኛ ጫማ አይተው፣ «እናንተ ልጆች በዚህ ማሳው ድረስ ልትሄዱ ነው?» ሲሉን፣ «ለምደውታል» ብለው ስለእኛ መለሱልን። ሰው ሳይጠይቁት ስለሚናገሩለት ደግነትዎ ወሰን የለውም።

፬. ይህን ተቀምጬ ልጽፈው ሞክሬ ስላልሆነልኝ ሱቁ በር ላይ ቆሜ እጽፈዋለሁ።

ወደሚጎበኘው የገበሬው የሀሩን የሽንኩርት ማሳ የሚያስገባው መንገድ የመስኖው ቦይ ጠርዝ ነው። ጠዋት ውሃ ተለቅቆበት ስለነበር አፈሩ ረጥቧል፤ ከአንድ ሰው በላይም ጎን ለጎን አያስኬድም። ዓሊያን፣ «አንቺ የአካባቢው ልጅ ነሽ፣ እንግዳዋን ቀድመሽ ምሪ» አሏት። ዓሊያ ያንን ጠርዝ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሮጥበት ያደገች ናት። ያን ቀን ግን ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ እንደ ጠና በሽተኛ እየተጠነቀቀች ሄደች። መሐል ላይ ታኮው አፈሩ ውስጥ ሰመጠ። ሰውነቷ ወደፊት ሄደ፤ እግሯ ግን እዚያው ቀረ። ከእንግዳዋ ኋላ እየተከተልኩ ስለነበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ደረቅ የማሽላ አገዳ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር። ቦዩ ውስጥ ወደቀች። አልጮኸችም። «እግሬ» ብቻ ነው ያለችው።

እርስዎ ከካሜራው ጋር ቀድመው ሄደው ነበርና ዞሩ። እጅዎን የሚዘረጉላት መስሎኝ ነበር። ካሜራ የያዘውን ሰው፣ «ወደዚህ አታዙረው» አሉት፤ እኛን ደግሞ፣ «ከመንገዱ ዘወር አድርጓት፣ ጉብኝቱ እንዳይቋረጥ» አሉን። ንግግርዎ አጭርና ግልጽ ስለነበር አንድም ቃል ሳይጠፋኝ ይዤዋለሁ።

እኔም ጥቁሩን ጫማ አውልቄ ወደ ሽንኩርቱ ወረወርኩት፤ ከቦርሳዬም የራሴን ፍላት አውጥቼ ተጫምቼ ወደ ቦዩ ገባሁ። ሀሩን ዶማውን ጥሎ መጣ። ዶክተር ማህሌት ጭቃው ላይ ተንበርክከው በቢጫ ሻርፓቸው ቁርጭምጭሚቷን ጠፍረው አሰሩላት፤ ሀሩን በጀርባው አዝሎ እስከ መንገዱ አደረሳት። ባጃጅ ውስጥ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯ ነጥቶ፣ ያለችኝን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። «ጣይባ፣ ቀሚሱን አበላሸሁብሽ» አለችኝ። ጭቃውን ከፊቷ ጠረግኩ።

፭. አጥንቱ ተሰብሮ ነበር፤ ጀሶ ተደረገላት። በዚህ ላይ ኮሚቴዎ ሪፖርት አወጣ፤ እርስዎም በስብሰባ ላይ በሚያምር ድምፅዎ አነበቡት። ጉብኝቱ በስኬት መጠናቀቁን፣ አደጋው የደረሰው «በግለሰቧ የጥንቃቄ ጉድለት» መሆኑን፣ አንዲት እንግዳ ተቀባይም ያለ ፈቃድ ጫማ ቀይራ ሥርዓት ማፍረሷንና በጽሑፍ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለባት ይገልጻል። ሥርዓት ያፈረስኩት እኔ ነኝና ጽሑፉ ይኸው፤ ይቅርታው ውስጡ ካልተገኘ ኮሚቴው አጣሪ ያቋቁምለት።

ስለ እኔ የተባለው ይሁን። ዓሊያ ግን በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ሕፃናት ልታስተምር የተቀጠረች ልጅ ናት። ያቺ የጥንቃቄ ጉድለት የምትለው ቃል ከአዳራሹ ወጥታ ትምህርት ቤቱ ደረሰች፤ ርዕሰ መምህሩም፣ «ሕፃን ለምናስረክባት ሰው እንዲህ ያለ ስም ይከብዳል» ብለው ቦታዋን ለሌላ ሊሰጡ አሰቡ። በውድቀቱ ቀን እንባ ያልወጣት ዓሊያ ይህን ስትሰማ ግን አለቀሰች። እኔ ያን ዕለት ከተማውን እስከ ዳር ሄጄ ተመለስኩ፤ ማንን ማናገር እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።

፮. ስለ ጥየቃዎም ማመስገን ይገባኛል። ጭማቂ ይዘው፣ ካሜራ አስከትለው ዓሊያ ቤት መጡ። ከእናቷ ጎን ተቀምጬ ነበር። የተቀመጡበት ወንበር ሳይሞቅ፣ «ለፎቶው ጀሶው ላይ ነጠላ ነገር ጣል ብታደርጊበት» አሏት። ዓሊያ ቀና ብላ አይታዎት፣ «ጋሼ፣ እግሬ የሚሸፈን ከሆነ ምን ሊጠይቁ መጡ?» አለችዎት። እርስዎም ሰዓትዎን አዩ። እናቷ እንግዳ አክባሪ ሰው ናቸውና ተነሥተው፣ ጭማቂውን በሁለት እጃቸው ይዘው እርስዎንም ጭማቂውንም እስከ በር ሸኙ።

ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ኮሚቴው በይፋ ስላልተገለጸለት እኔ ልግለጽ። ሻርፑን አጥቤና ተኩሼ ለዶክተር ማህሌት ስልክላቸው፣ ስለ ዓሊያ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ርዕሰ መምህሩ ጋ ደውለው ያዩትን አንድ በአንድ አስረዷቸው። ርዕሰ መምህሩም ራሳቸው ዓሊያ ቤት መጥተው፣ ያለ ካሜራ ማለቴ ነው፣ ጀሶው ተፈቶ እስክትድን ቦታዋ እንደሚጠብቃት ነገሯት። ስለዚህ ከእርስዎ የምንለምነው እንጀራ የለም። የምንጠይቀው ሪፖርቱ እንዲታረምና እርማቱ እዚያው አዳራሽ፣ በዚያው በሚያምር ድምፅ እንዲነበብ ብቻ ነው።

ለመጪው ዝግጅት እንግዳ ተቀባይ ፈልገው ቤዛዊት ጋ ሰው ልከው እንደነበር ሰምቻለሁ። «በፍላት ጫማ ከሆነ ደስ ብሎኝ እመጣለሁ፤ አለዚያ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብላለች። ሌሎቹም ይህንኑ አሉ። እርስዎም ተቆጥተው፣ «ከካራቆሬ እናመጣለን» ብለዋል አሉ። የካራቆሬ ልጆች ትናንት ሱቄ መጥተው ነበር። ቀሚሱን ወደውታል፤ ተለክተው ሄደዋል። ስለ ጫማው ስጠይቃቸው አንደኛዋ እግሯን አንሥታ አሳየችኝ፤ ቡናማ ፍላት ቀድማ ገዝታለች።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ ቆሜ ስለጻፍኩ፣ እንዲሁም እግርን የሚያህል ዝቅተኛ ነገር በከፍተኛ ጠረጴዛዎ ላይ ስላሳረፍኩ በታላቅ አክብሮት ጎንበስ እያልኩ፣ ከፍ ብለው የማይወድቁበትን ዘመን ለእርስዎም ለኮሚቴዎም ተመኝቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ጣይባ፣ ልብስ ሰፊ
ሸዋሮቢት

ማስታወሻ፦ እሑድ ዕለት ባለቤትዎ ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ቀሚስ ሊለኩ መጥተው ነበር። ርዝመቱን ለመወሰን በምን ጫማ እንደሚለብሱት ብጠይቃቸው፣ «በፍላት ነው እንጂ፤ ታኮ ወገቤን እኮ ጨርሶታል» አሉኝ። ታዲያ ለአቶ ደረጄ ለምን አይነግሯቸውም ብላቸው ሳቁና፣ «እኔ ስነግረው አይሰማኝም፤ አንቺ ጻፊለት» አሉኝ። የታላቅ ቃል አይጣስምና ጻፍኩ።