የከተማችንን ሜዳና መድረክ ከሃምሳ ዓመት በላይ ፎቶ ያነሱት የጋሽ አንዴ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ በክብር የምንሸኛቸው፣ ከተማው ሁሉ «ጋሽ አንዴ» እያለ የሚጠራቸው ታላቅ ወንድማችን፣ ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው የካቲት 9 ቀን 1944 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ታችኛው ሰፈር ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሁለት እህቶች ተወለዱ። እናታችን «በቃኝ» ብለው የሕፃን ልብሱን ለጎረቤት ካደሉ በኋላ ደግሞ፣ ከበኩሩ በአሥር ዓመት የሚያንስ፣ ማንም ያልጠበቀው አንድ ወንድ ልጅ መጣ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈውና አሁን በፊታችሁ ቆሞ የሚያነበው እሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር መጻፍ አልፈለገም ነበር። ትናንት ጠዋት ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ ማን ይጻፍ ሲባል ሁሉም ወደ እሱ ዞረ፤ ዕድሜውን በፋብሪካ ግምጃ ቤት በጸሐፊነት ስለጨረሰ ጽሕፈቱ ያምራል። እሱ ግን በወንድሙ ሕይወት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት የቆየ አንድ የኳስ ጉዳይ እንዳለና ባለጉዳዩም ራሱ እንደሆነ ያውቃልና «ለትልቋ ልጅ ስጧት፤ እሷ ትችላለች» አለ። ያኔ የሟች ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው «አንተው ትጽፋለህ። የኳሷንም ነገር ትጽፋለህ። ገብታ እንደሆነ ገብታለች፣ አልገባችም እንደሆነ አልገባችም በል። ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት ስለ ኳስ መስማት አልፈልግም» አሉት። እትዬ ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ነበሩ፤ እሳቸው ሲናገሩ እጅ አጣምሮ ከመስማት በቀር ምርጫ የለም። ስለዚህ የኳሷ ነገር በቦታው ይመጣል።

ጋሽ አንዴ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። አባታችን ከጣሪያ ወድቀው ወገባቸው በመጎዳቱ ትምህርታቸውን አቋርጠው በ1962 ዓ.ም. በውሃ መሥሪያ ቤት በቧንቧ ቆፋሪነት ተቀጠሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቆጣሪ አንባቢ ሆኑ፤ በዚሁ ሥራ ላይ እስከ 2004 ዓ.ም. ጡረታ እስከወጡበት ቀን ቆዩ። ይህ ማለት የዚህን ከተማ ግቢ ሁሉ በእግራቸው ያውቁታል ማለት ነው። የትኛው ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛው እንዲሁ እንደሚጮህ ያውቁ ነበር።

ካሜራዋን ያገኙት በ1964 ዓ.ም. ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ነው። የመጀመሪያውን ፊልም ይዘው የሄዱት የተማሪዎች የስፖርት ቀን ላይ ነበር። ሲታጠብ ከሠላሳ ስድስቱ ሠላሳ አንዱ የሰው እግር ብቻ ሆኖ ወጣ። አባታችን አንድ በአንድ አገላብጠው ካዩ በኋላ «ጥሩ ነው፤ ጫማ ሠሪ ያደንቀዋል» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ካሜራውን ይጥል ነበር፤ ጋሽ አንዴ ግን ከአባታችን የተረፈ ጣውላ ፈልገው ባለ ሦስት እርከን በርጩማ ሠሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን በርጩማ በብስክሌት ጭነው ያልደረሱበት የእግር ኳስ ግጥሚያ፣ የብስክሌት ውድድር፣ የሙዚቃ ዝግጅት፣ የትምህርት ቤት መዝጊያ፣ የገመድ ጉተታ፣ የድልድይ ምረቃ የለም። ማንም አልቀጠራቸውም፤ ማንም ና አላላቸውም። ደስ ስለሚላቸው ብቻ ነው።

ፊልም እንደ ልብ የሚገኝ ነገር ስላልነበረ አንዱን ነገር ከአንድ ጊዜ በላይ አያነሱም። በርጩማዋ ላይ ወጥተው «አንዴ! አንዴ ብቻ!» ሲሉ መድረክ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጥ ነበር፤ ስሙም የወጣላቸው ከዚህ ነው። በኋላ ዘመን ትልቋ ልጃቸው ፊልም የማይፈልግ ካሜራ ገዝታ «አባዬ፣ ይኼ ሺህ ፎቶ ይይዛል» ብትላቸው «ታዲያ ሺህ ጊዜ ልሳሳት?» ብለው በዚያም አንድ አንድ ብቻ ማንሳታቸውን ቀጠሉ።

ከዚህ ሌላ አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው። ፎቶው ውስጥ ፊቱ የታየ ሰው ሁሉ የራሱ ቅጂ ይደርሰዋል። አሥራ አራት ሰው ከታየ አሥራ አራት ቅጂ ያትማሉ፤ ከጀርባው ቀኑንና ዝግጅቱን ጽፈው፣ ቆጣሪ ሊያነቡ ሲዞሩ በየበሩ ያድላሉ። አንድ እጃቸው የውሃውን ቢል፣ ሌላው እጃቸው ፎቶውን ይይዝ ነበር። ቢሉን አይተው «ባሕር ጠጣሁ እንዴ?» ብለው ሊጮሁባቸው የተነሱ ሴትዮ፣ ልጃቸው በመዘምራን መካከል አፏን ከፍታ ያለችበትን ፎቶ ሲያዩ ዱላቸውን ጥለው እንዳቀፏቸው እትዬ ዛሬም ያወራሉ።

በ1967 ዓ.ም. ከእትዬ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ፊልም የሚያጥቡት ዕቃ ቤት ውስጥ ቀይ አምፖል አብርተው፣ በልጆች ገላ መታጠቢያ ሳፋ ነበር። ቀይዋ አምፖል ከበራች ማንም በሩን አይከፍትም። ሽንኩርቱም እዚያው ዕቃ ቤት ስለሚቀመጥ ራት የሚደርሰው ፎቶው ሲደርስ ነው። የታተመው ፎቶ ግቢ ውስጥ ከልብሱ ጋር በአንድ ገመድ ይሰጣል፤ በጋሽ አንዴ ካልሲና በትራስ ልብስ መካከል ራሱን አይቶ የሚስቅ ጎረቤት ብዙ ነበር።

የሠሩት ስህተት የለም ብሎ ማለፍ እሳቸውንም ያስቆጣል። በ1973 ዓ.ም. የሙዚቃ ውድድር ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ባንድ አንደኛ ሲወጣ፣ ጋሽ አንዴ የካሜራዋን ክዳን ሳያነሱ ቀጭ አደረጉ። የድሮዋ ካሜራ ደግሞ የሚታይባት ቀዳዳ ሌላ ቦታ ስለነበረ ክዳኗ መዘጋቱን አትናገርም። ፊልሙ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ሦስት ቀን ሙሉ የአሥራ አራቱንም ሙዚቀኞች በር እያንኳኩ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ሙዚቀኞቹም በእሑድ ቀን የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ከቤታችን ፊት ለፊት መንገድ ላይ ተሰለፉላቸው፤ ትራምፔት ነፊው «ጋሽ አንዴ፣ ክዳኗን!» እያለ ሰፈሩን በሳቅ ገደለው። ያ ፎቶ ዛሬም እሳት አደጋ ጣቢያው በር ላይ ተሰቅሏል።

አሁን ወደ ኳሷ እንምጣ።

ሚያዝያ 1978 ዓ.ም. የሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ ታችኛው ሰፈር ከላይኛው ሰፈር ጋር ተገናኘ። ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጋሽ አንዴ በርጩማቸውን ከላይኛው ሰፈር ጎል ጎን፣ ልክ በመስመሩ ትይዩ አቁመዋል። ዘጠናኛው ደቂቃ ላይ የማዕዘን ምት ተሻማ፤ ታናሽ ወንድማቸው፣ ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ፣ ዘሎ በቴስታ መታት። ኳሷ አግዳሚውን መትታ ወደ መሬት ወረደች። በረኛው ተወርውሮ ወደቀ፤ ታናሽ ወንድማቸውም አብሮ ወደቀ። ጋሽ አንዴ አንዴ አነሱ። ታናሽ ወንድማቸው ብድግ ብሎ ሁለት እጁን ዘርግቶ «ገባች! ገባች!» እያለ ሮጠ፤ ሰፈሩም ተከትሎት ጮኸ። የመስመር ዳኛው፣ ሯጭ ያልሆኑ ጡረተኛ ፖስተኛ፣ ከኋላ እያለከለኩ ደርሰው ጎል ነው ብለው ባንዲራቸውን አነሱ። ዋንጫው የታችኛው ሰፈር ሆነ። በሳምንቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ጎል አግቢውን ወሰደው፤ ግምጃ ቤትም ሥራ ሰጠው።

ፎቶው የታጠበው በአሥረኛው ቀን ነው። ኳሷ የጎሉ መስመር ኖራ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ከእሷ ወደ ጎሉ ውስጥ በኩል ገና ነጭ መስመር ይታያል። ፎቶው ውስጥ ፊታቸው የታየ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ በረኛው፣ ታናሽ ወንድማቸውና ከሩቅ የሚመጡት የመስመር ዳኛ። ጋሽ አንዴ ሦስት ቅጂ አተሙ። አንዱን ለወንድማቸው፣ አንዱን ለመስመር ዳኛው፣ አንዱን ለበረኛው ሰጡ። የመስመር ዳኛው ረጅም ጊዜ አይተውት ኪሳቸው ከተቱት፤ ከዚያ ወዲህ ባንዲራ ይዘው አልታዩም። በረኛው በሙያው ፀጉር አስተካካይ ነበርና ፎቶውን በሱቁ መስታወት ጥግ ላይ ለጠፈው። ምን ያድርግ? ያን ሰሞን የገዛ ሰፈሩ «ወንፊት» ብሎ ስም አውጥቶለት፣ ልጆቹ እንኳ ትምህርት ቤት «የወንፊት ልጅ» እየተባሉ ያለቅሱ ነበር።

ወንድማማቾቹ ያን ጊዜ ነው ሆድና ጀርባ የሆኑት። ታናሽየው ግቢውን በጩኸት አናጋው። «ለባዕድ አሳልፈህ ሰጠኸኝ! ምን ነበር ብታቃጥለው?» አለ። ጋሽ አንዴ በእርጋታ «ፎቶው ውስጥ ብቻህን አይደለህም» ብለው መለሱ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ በኋላም ለማንም አልተናገሩም። ታናሽየው ግን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም «ከጎን ስለተነሳ ነው እንጂ ገብታለች» ሲል ኖረ። መስመር ከጎን ካልታየ ከየት ሊታይ ነው ብሎ የጠየቀውን ሰው ሁሉ አኩርፏል። በሠርግም በለቅሶም ከወንድሙ ማዶ ይቀመጥ ነበር። ፀጉሩን ለመቆረጥ ሁለት ሰፈር ያቋርጥ ነበር፤ በመጨረሻ ፀጉሩ ራሱ አልቆ ገላገለው። እናታችን ሁለቱን ለማስታረቅ ያላሉት የለም፤ ሳይሆንላቸው በ1991 ዓ.ም. አረፉ።

ጋሽ አንዴ ጡረታ ከወጡ በኋላም በርጩማዋን አልተዉም። በ2013 ዓ.ም. ሳንባቸው መታመም ጀመረ። በመጨረሻ ያነሱት በ2015 ዓ.ም. የሴቶች የሩጫ ውድድር ነው፤ በርጩማዋ ላይ መውጣት ስላልቻሉ ወንድ ልጃቸው ከስር ደግፏቸው ነበር። የአምስት ሯጮች ፊት ታየ፤ አምስት ቅጂ ታተመ፤ አምስቱም ደረሰ።

ካለፈው ግንቦት ጀምሮ በሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቆይተዋል። ያ በረኛ፣ ዛሬ የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ የሆነው፣ በየሳምንቱ ምላጩንና ሳሙናውን ይዞ እየመጣ ጢማቸውን ይላጭ ነበር። ሰኔ 8 ቀን ታናሽ ወንድማቸው ሊጠይቃቸው ሲገባ እሱን እዚያ አገኘው። ሰላም ተባባሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሳህኑን ሊያጥብ ሲወጣ ጋሽ አንዴ በደከመ ድምፅ «ለእኔ አይደለም፤ ለእሱ ንገረው» አሉ። ታናሽየው የቱን ነው ብሎ አልጠየቀም። «ነገ፣ ጋሼ። ነገ እነግረዋለሁ» አለ። ፀጉር አስተካካዩ ሲመለስ ስለ ዝናቡ አወሩ። በማግሥቱ አልሄደም፤ አፈረ። በሦስተኛውም ቀን አልሄደም።

ጋሽ አንዴ ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ሁለት እህቶችንና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለያችኋቸው ሁሉ፣ ለሐኪሞቹና ለነርሶቹ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ ትእዛዙን ይፈጽማል።

ኳሷ አልገባችም። ያን ዕለት ከኳሷ አንድ ክንድ ርቆ ነው የወደቀው፤ መስመሩ ላይ ስታርፍ አይቷታል። ፎቶውን በደንብ ያየ ሰው ሁሉ ኳሷን ነው የሚያየው። እሱ ግን ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ ያየው የራሱን ዐይኖች ነው። ዐይኖቹ ኳሷ ላይ ናቸው። አይቶ ነው የተነሳው፣ አይቶ ነው የጮኸው፣ በዚያ ጩኸት ነው ሥራ ያገኘው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለ ኳሷ የተከራከረው ማንም ሰው ዐይኖቹን ልብ እንዳይል ነበር። ጋሽ አንዴ ግን ከመጀመሪያው ቀን አይተውታል፤ ለእናታቸውም፣ ለሚስታቸውም፣ ለበረኛውም አልጠቆሙም። እንዲህ ያለ ወንድም ነበረው፤ እሱ ግን ፊቱን አዞረባቸው።

አንተ እዚያ ከኋላ የቆምከው፣ ምንም አልሾለከብህም። ያ ስም የአንተ አልነበረም። በልጆችህ ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

ጋሼ፣ ነገ ብዬህ ነበር። ይኸው ነገርኩት፤ አምስት ቀን ዘግይቼ፣ አንተ በማትሰማበት ቀን። ፈጣሪ ነፍስህን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልኝ። ማዶ ተቀምጬ ላሳለፍኳቸው ዓመታት ሁሉ ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።